ሳቅና ስሕተት በቋንቋ ክፍል

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌው የተነገረው ሳያስብ ለሚናገር ሰው ቢሆንም አዲስ ቋንቋ ለሚማር ተማሪም ይሠራል። የሒሳብ ተማሪ ቢሳሳት ስሕተቱ በደብተሩ ላይ ተጽፎ ከመምህሩ በስተቀር ማንም ሳያየው ይቀራል። የጂኦግራፊ ተማሪ የወንዝ ስም ቢዘነጋ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ቋንቋ የሚማር ግን አፉን መክፈት ግዴታው ነው፤ አፉን በከፈተ ቁጥርም በጓደኞቹ ሁሉ ፊት ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ከሌላው ትምህርት ይልቅ በቋንቋ ትምህርት ሰዓት ሳቅ ይበዛል።

እንግዲህ ጥያቄው «ይሳቅ ወይስ አይሳቅ?» የሚል አይደለም። ወጣቶች በተሰበሰቡበት ስፍራ ሳቅን መከልከል ዝናብን እንደ መከልከል ነው። ጥያቄው «በምን ይሳቅ?» የሚል ነው። የእኔ አስተያየት በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ ሁለት ቋንቋዎች ተገናኝተው በሚፈጥሩት ግጭት መሳቅ ትምህርትን ያጠነክራል፤ በተናጋሪው ሰው መሳቅ ግን ትምህርትን ይገድላል።

ይህን ሐሳብ ለማስረዳት ከጂንካና ከደቡብ ኦሞ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። በአገራችን የሚነገሩት ቋንቋዎች ሴማዊ፣ ኩሻዊ፣ ኦሟዊና ናይሎ ሰሃራዊ ተብለው በአራት ወገን ይከፈላሉ። ቅዳሜ በጂንካ ገበያ ጥቂት ጊዜ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው አራቱንም ወገኖች ሊሰማ ይችላል። አሪ፣ ሐመር፣ በና፣ ማሌና ዲመ የሚናገሯቸው ቋንቋዎች ኦሟዊ ናቸው፤ የዳሰነች፣ የአርቦሬና የጸማይ ቋንቋዎች ኩሻዊ ናቸው፤ የሙርሲ፣ የቦዲና የኛንጋቶም ቋንቋዎች ደግሞ ከናይሎ ሰሃራዊ ወገን ይመደባሉ። የገበያውና የመሥሪያ ቤቱ መግባቢያ የሆነው አማርኛ ሴማዊ ነው። ከእነዚህ ሕዝቦች የተወለደ ተማሪ በቤቱ በእናቱ ቋንቋ ያድጋል፤ ከተማ ሲገባ አማርኛ ይጠብቀዋል፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲደርስም የሒሳቡና የሳይንሱ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጠዋል። ለእርሱ እንግሊዝኛ ሦስተኛ፣ አንዳንድ ጊዜም አራተኛ ቋንቋው ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ሲሳሳት በአንድ አፍ ውስጥ ሦስት ሰዋስው እንደሚታገሉ መገንዘብ ያስፈልጋል።

በዚያ አካባቢ ባስተማርሁበት ዘመን ከሰማኋቸው ስሕተቶች አንዱን ላንሣ። ከቆላ የመጣ አንድ ተማሪ ስለ እንግዳ አቀባበል የጻፈውን ድርሰት ቆሞ ያነብብ ነበር። «እንግዳው እጁን ታጥቦ ከሁሉ በፊት ይበላል» ብሎ መጻፉ ትክክል ነበር። ሲያነብብ ግን በመጨረሻው ቃል ላይ «በ»ንና «ላ»ን አጠበቃቸው። በዚህ ምክንያት እንግዳው በላተኛ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ምሳ ሆነ። ከፊተኛው ወንበር የተቀመጠች ልጅ «እኔስ በዚህ ድርሰት ውስጥ እንግዳ ሆኜ አልገባም» ብትል ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ አንባቢውም ምን እንዳለ ሲነገረው ከሁሉ በላይ ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ ለክፍሉ አንድ ጥያቄ አቀረብሁ። «ይህን መጥበቅና መላላት የሚለይ ምልክት በደብተሩ ላይ የት አለ?» አልኋቸው። ደብተሩን እየተቀባበሉ ቢመረምሩ ማንም ሊያገኘው አልቻለም፤ ፊደላችን ጥብቀትን በምልክት አያሳይምና። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉን ይሁን ጊዜው ያልደረሰውን ነገር፣ «ዋና» ብለን ስንጽፍ በውኃ ላይ የሚዋኘውን ይሁን አለቃውን፣ «ሰፊ» ስንል ልብስ የሚሰፋውን ሰው ይሁን ጠባብ ያልሆነውን ነገር ፊደሉ አይነግረንም። አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ ልዩነቱን የሚያውቀው ከእናቱ አንደበት ስለ ሰማው እንጂ አንብቦት አይደለም። ቃሉን መጀመሪያ በመጽሐፍ ያገኘው ልጅ ግን ከምን ይወቀው? ያን ዕለት ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ፣ አማርኛን በቤታቸው የሚናገሩት ጭምር፣ ስለ ጥብቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዋሉ። የተሳቀው በልጁ ሳይሆን በቃሉ ስለ ነበረ ሳቁ ትምህርት ሆነ።

እንግሊዝኛም የራሱ ወጥመድ አለው። በእንግሊዝኛ በግና መርከብ የሚለያዩት አንዱ ድምፅ ረዘም፣ ሌላው አጠር በማለቱ ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት ስለማያውቅ የብዙዎቻችን ጆሮ ሁለቱንም «ሺፕ» ብሎ ይሰማቸዋል። በጆሮው ተመርቶ የሚጽፍ ተማሪ «አባቴ ለቅዳሜ ገበያ ሦስት በጎች ነዳ» ለማለት ሲያስብ፣ ከባሕር እጅግ ርቃ ወደምትገኘው ጂንካ ሦስት መርከቦችን ሊያስነዳ ይችላል። ከዚህ የበለጠ ሳቅ የሚያመጣ ሥዕል የለም፤ ሥዕሉን አንድ ጊዜ በልቡ የሣለ ተማሪም የሁለቱን ቃላት አጻጻፍ መቼም አይረሳውም።

ሌሎች ስሕተቶች ደግሞ በሚገባ ሲመረመሩ ስሕተት ሆነው አይገኙም። መምህሩ በእንግሊዝኛ «በዓመት ውስጥ ስንት ወራት አሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ተማሪው «ዐሥራ ሦስት» ብሎ ይመልሳል። ጳጉሜን ቆጥሮ ላደገ ልጅ ከዚህ የቀና መልስ የለም። እንዲሁም «ነገ በቱ ኦክሎክ ኑ» የተባለ ተማሪ ከጧቱ በሁለት ሰዓት ይደርሳል፤ መምህሩ ግን በእንግሊዞች አቆጣጠር የተናገረ እንደ ሆነ የሚመጣው ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው። ተማሪው ስድስት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ይጠብቃል፤ ይህም በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት በትክክል ነው። እርሱ የቆጠረው ከፀሐይ መውጣት አንሥቶ ነው፤ እነርሱ የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን አንሥተው ነው።

የወቅቶች ነገርም እንዲሁ ነው። መዝገበ ቃላቱ «ሳመር» ማለት በጋ ነው ይላል። አውሮፓውያን «ሳመር» የሚሉት ጊዜ ግን በእኛ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ሲሆን፣ በደጋው አገራችን ይህ ጊዜ ክረምት ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ ድርሰቱ «በሳመር ዝናቡ ይበረታል፤ ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱ ጭቃ ይሆናል» ብሎ ቢጽፍ፣ መጽሐፉን ተከትሎ ቢሄድ ተሳስቷል፤ ሰማዩን ተመልክቶ ከጻፈ ግን አልተሳሳተም። ነገሩ በዚህ አያበቃም። በደቡብ ኦሞ ቆላ ዋናው ዝናብ የሚጠበቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛውና አነስተኛው ዝናብ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ይመጣል። ለዚያ አገር ልጅ እንኳንስ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ «ሳመር» ይቅርና የአማርኛው መጽሐፍ «ክረምት»ም የሰፈሩን ሰማይ አይመስልም። የማስተማሪያ መጻሕፍት የምናዘጋጅ ሰዎች ይህን ልብ ልንል ይገባናል። በገዛ አገሩ ሰማይ ላይ ትክክል የሆነውን ልጅ በወረቀት ላይ ማሳሳት ተገቢ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ግራ የሚያጋባው የአዎንና የአይደለም ነገር ነው። መምህሩ በእንግሊዝኛ «የቤት ሥራህን አልሠራህም?» ብሎ ይጠይቃል።

«የስ» ይላል ተማሪው።

«እንግዲያው አምጣው።»

«ምኑን?»

«የቤት ሥራህን ነዋ! ‹የስ› አላልህም?»

«ቲቸር፣ አልሠራሁም እኮ ነው ያልሁት።»

ይህ ንግግር ከአንድ የቧልት ተውኔት የተወሰደ ይመስላል፤ ሁለቱም ግን በየቋንቋቸው ሕግ ትክክል ናቸው። በአማርኛ «አልሠራህም?» ለሚል ጥያቄ «አዎን፣ አልሠራሁም» ብለን ስንመልስ፣ የጠያቂው አባባል እውነት መሆኑን ማረጋገጣችን ነው። እንግሊዝኛ ግን የሚመለከተው ሥራው መሠራቱን ወይም አለመሠራቱን ነው፤ ካልተሠራ መልሱ «ኖ» ነው። ተማሪው የመለሰው በእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን ያሰበው ግን በእናቱ ቋንቋ ነበር። መምህሩ ይህን ቢያውቅ በልጁ ላይ ከመቆጣት ይልቅ የሁለቱን ቋንቋዎች ጠባይ በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፎ ክፍሉን ያስቃል፤ እያሳቀም ያስተምራል።

ይህ ሁሉ የእኛ አገር ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። በፈረንሳይ እንግሊዝኛ የሚማሩ የእናንተ እኩዮች «ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው» ለማለት ሲፈልጉ «አይ ሃቭ ፊፍቲን ይርስ» ማለት ይቀናቸዋል። ትርጓሜውም «ዐሥራ አምስት ዓመታት አሉኝ» ማለት ነው፤ በፈረንሳይኛ ዕድሜ «የሚኖር» ነገር ነውና። ፈረንሳይኛ የ«ሀ»ን ድምፅ ስለማይጠራ ተማሪው «ተርቤአለሁ» ሊል አስቦ «ሀንግሪ» በማለት ፈንታ «አንግሪ» ይላል፤ ይህም «ተቆጥቻለሁ» ማለት ነው። ከምሳ ሰዓት በፊት ክፍሉ ሁሉ ተቆጥቶ ይገኛል ማለት ነው! እኛ ደግሞ በአማርኛ «ራበኝ» ስንል ረኃቡን አድራጊ፣ ራሳችንን ተደራጊ እናደርጋለን፤ ስለዚህ የእኛ ተማሪ በእንግሊዝኛ ረኃብ እርሱን እንደ ራበው አድርጎ ቢናገር ከፈረንሳዊው እኩያው ጋር በአንድ መርከብ ላይ፣ ወይም በአንድ በግ ላይ፣ ተሳፍሯል። የፓሪሱም ሆነ የጂንካው ወጣት አእምሮው አልደከመም። አዲሱ ቋንቋ ከመድረሱ በፊት የእናቱ ቋንቋ ቀድሞ ተናገረበት እንጂ።

ስሕተት ዘላለም ስሕተት ሆኖ እንደማይኖርም የራሳችን ከተማ ምስክር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የኩባንያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ፈረንሳዮች ጣቢያውን በቋንቋቸው «ላ ጋር» አሉት፤ የከተማው ሰው ግን ለአፉ እንዲመች አድርጎ «ለገሀር» አለው። ዛሬ «ለገሀር ባቡር ጣቢያ» ስንል «ጣቢያ»ን በሁለት ቋንቋ ሁለት ጊዜ መጥራታችን ነው። ያን ጊዜ የከተማውን ሰው አነጋገር ሰምቶ የሳቀ ፈረንሳዊ ኖሮ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ለገሀር ትክክለኛ የሰፈር ስም ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንመልከተው። እስካሁን የተናገርነው ተማሪ በመምህር ቋንቋ ስለሚሠራው ስሕተት ነው። መምህር ወይም ተመራማሪ በተማሪው ቋንቋ ፊት ሲቆም ምን ይሆናል? በሙርሲዎች ዘንድ ለብዙ ዘመን ጥናት ያካሄደው ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ሙርሲ የቀለም ስሞች አንድ ጽሑፍ አሳትሟል። በሙርሲ ቋንቋ የቀለም ስሞች ከከብት መልክ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ተመራማሪው የቀለም ካርድ እያሳየ በሚጠይቅበት ጊዜ፣ በከብት ገላ ላይ ለማይታይ ቀለም የተሰጠው መልስ «እንዲህ ያለ ከብት የለም» የሚል ሆነ፤ ይህም መልስ የጽሑፉ ርእስ ለመሆን በቃ። እዚህ ላይ የተሳሳተው ማን ነው? ካርዱን ያሳየው ነው ወይስ የመለሰው? ለከብት አርቢ ሰው ቀለም ማለት የሚታይ፣ የሚነዳ፣ የሚታለብ ነገር ነው። የደጋው ገበሬም ቢሆን ከብቱን ዳለቻ፣ ቡሬ፣ ቦራ እያለ ሲጠራ የከተማ ልጅ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል እንጂ አይረዳውም። የካርዱን ቀለም መጥራት ያቃተው ተማሪ፣ መምህሩን ወደ በረት ወስዶ ቢፈትነው መምህሩ ይወድቅ ነበር።

ሌላም ምሳሌ አለ። በአማርኛ አንድን ነገር በሴት አንቀጽ ስንጠራ ብዙ ጊዜ ማሳነሳችን ወይም ማቆላመጣችን ነው፤ «ትንሿ ቤት» እንደምንለው ማለት ነው። በሐመር ቋንቋ ግን የሴት ጾታ ትልቅነትን ወይም ብዛትን፣ የወንድ ጾታ ትንሽነትን ሊያመለክት ይችላል። ታዲያ አፉን በሐመርኛ የፈታ ተማሪ አንድን ግዙፍ ተራራ በሴት አንቀጽ ቢጠራው፣ ይህ ሰዋስው የሌለው ሰው ስሕተት ነውን? አይደለም፤ ሌላ ሰዋስው ያለው ሰው ሥራ ነው። መምህሩ «በእናንተ ቋንቋ እንዴት ይባላል?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጨምር፣ የተሳቀበት ልጅ በዚያች ቅጽበት የክፍሉ አስተማሪ ይሆናል።

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ «ዕፍረት ያስተምራል፤ የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ አይሳሳትም» ይላሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የተሳቀበት ልጅ ሁለተኛ የማይሳሳተው ግን ሁለተኛ ስለማይናገር ነው። ዕፍረት የሚያስተምረው ዝምታን ነው፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ቋንቋ አይለምድም። ሌሎች በበኩላቸው «ሳቅ ሁሉ ይከልከል፤ ክፍል የቁም ነገር ስፍራ ነው» ይላሉ። ይህም አይበጅም። ሳቅ የሌለበት የቋንቋ ክፍል ብዙውን ጊዜ የማይነገርበት ክፍል ነው። ከዚህም በላይ ሰው ያሳቀውን ነገር አይረሳም፤ የተበላውን እንግዳና ወደ ገበያ የተነዱትን መርከቦች እናንተም ቢሆን ይህን ምንባብ ከጨረሳችሁ በኋላ አትረሷቸውም።

በተናጋሪው ላይ የሚሳቀው ሳቅ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን አቅልሎ ማየት አይገባም። በአንድ ትምህርት ቤት ከሩቅ ቆላ የመጣች አንዲት ተማሪ ነበረች። ከቤተ ሰቧ መካከል ትምህርት ቤት የገባች እርሷ ብቻ ነበረች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጇን ታነሣ ነበር። አማርኛዋ በእናቷ ቋንቋ ቃና የተቃኘ በመሆኑ፣ ጥቂት ልጆች በተናገረች ቁጥር ከኋላ ሆነው ድምፅዋን ይቀዱባት ጀመር። እነርሱ የሚስቁት በተናገረችው ቃል አልነበረም፤ በመጣችበት አገርና በወገኗ ነበር። እጇን ማንሣት ተወች። ቀጥሎም ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ምንም አትናገርም ነበር። ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ ወንበሯ ባዶ ሆነ። ምክንያቱ ሳቅ ብቻ ነበር አልልም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ችግሩም ብዙ ነው። ነገር ግን «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንደሚባለው፣ ብዙ ችግር ተቋቁማ ለመጣች ልጅ የጓደኞቿ ሳቅ የመጨረሻው ምሳር ሊሆን ይችላል። የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ከኋላ ይስቁ ከነበሩት ልጆች መካከል የእርሷን ቋንቋ አንድ ቃል እንኳ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። እርሷ ሁለት ቋንቋ ተናግራ ሦስተኛውን ስትጀምር፣ እነርሱ የሳቁት በአንድ ቋንቋ ላይ ተቀምጠው ነበር።

እንግዲህ በክፍላችን ውስጥ መልካሙን ሳቅ ከክፉው ለመለየት ሦስት መመዘኛዎች ይበቁናል። አንደኛ፣ ተናጋሪው ራሱ አብሮ ይስቃልን? እርሱ ካልሳቀ ሳቁ ይቁም። ሁለተኛ፣ የተሳቀው በቃሉ ነው ወይስ በተናጋሪው ወገን፣ ቃናና አመጣጥ? በቃሉ ከሆነ ቃሉ በሰሌዳ ላይ ይጻፍና ይመርመር፤ በወገኑ ከሆነ ግን ይህ ስድብ እንጂ ቀልድ አይደለም። ሦስተኛ፣ ከሳቁ በኋላ ክፍሉ ቀድሞ የማያውቀውን ነገር ዐውቋልን? ካላወቀ ጊዜውን በከንቱ አጥፍቷል።

ለመምህራን የሚሰጥ ምክር ቢኖር ስሕተትን እንደ ሀብት መቁጠር ነው። እያንዳንዱ ስሕተት ተማሪው በልቡ ይዞት ወደመጣው ቋንቋ የሚያስገባ በር ነው። ለእናንተ ለተማሪዎች የሚሰጠው ምክር ደግሞ ከዚህ ያጠረ ነው፤ ጓደኛችሁ ሲሳሳት ከመሳቃችሁ በፊት ያን ዐረፍተ ነገር በእርሱ ቋንቋ ልትናገሩት ትችሉ እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። የማትችሉ ከሆነ ንገረን በሉት። ያን ጊዜ የምትሳሳቱት እናንተ ትሆናላችሁ፤ የሚስቀውም እርሱ ይሆናል፤ ሳቁም ለሁላችሁ ይበቃል።

መልመጃ

1. ጸሐፊው መልካም ሳቅንና ክፉ ሳቅን የለየባቸውን መመዘኛዎች በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ።
2. በጽሑፍ አንድ ዓይነት ሆነው በጥብቀትና በላልቶ የሚለያዩ አምስት ቃላት ፈልጋችሁ በዐረፍተ ነገር አስገቡ።
3. በክፍላችሁ ውስጥ ስንት ቋንቋዎች እንደሚነገሩ መዝግቡ፤ «አልበላህም?» ለሚለው ጥያቄ በእያንዳንዱ ቋንቋ እንዴት እንደሚመለስ ጠይቃችሁ አወዳድሩ።
4. «ዕፍረት ያስተምራል» በሚለው አባባል ላይ ደግፋችሁ ወይም ተቃውማችሁ የአንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ።